ስፌት የሚበላው ጨርቅ

ለምወድሽና ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽን ልጠይቅ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስወጣ ይሰማኛል ያልሽው ቁርጥማት ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ትሸነግይኛለሽ? የምትንከባከቢያቸው አሮጊትስ አሁንም ሾርባው ቀዘቀዘ፣ ሾርባው አቃጠለኝ እያሉ ያመላልሱሻል? አብራሽ የምትኖረው አስተናጋጅ ማንኮራፋቷን ቀነሰች ወይስ ዛሬም ትራስ ጭንቅላትሽ ላይ ጭነሽ ነው የምትተኚው? የሽርጥሽ ኪስ ተቀዶ የቤቱ መክፈቻ እየወደቀ አስቸገረኝ ብለሽን ነበር። ሰፋሽው ወይስ የልብስ ሰፊ እህት ሆነሽ በመርፌ ቁልፍ ወግተሽው ትዞሪያለሽ? ይህን ሳስብ ራሴን ያመኛል።

እኛ ደህና ነን። እማዬ ጆሮዋ ከመክበዱ በቀር ጤነኛ ናት፤ እንዲያውም የማይጠቅማትን ሁሉ ትሰማለች። ባለቤቴ ከዳቦ ቤቱ ዱቄት ለብሳ ትመጣለች፣ ሳል ቢጤ ይዟት ነበር፣ ተሻላት። እኔም ከስፌት መኪናዬ ጋር እየተጣላሁ፣ እየታረቅሁ አለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። አንደኛ ነገር፣ የምነግርሽ ስለ ማን እንደሆነ ታያለሽ፣ እሷው ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጣ ጆሮዋን አቅንታለች። ቤታችን ሥራ ቤቱም መኝታውም አንድ ክፍል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሌላው ደግሞ፣ አትቀየሚኝና፣ ስልክ ላይ ሰው አታስጨርሺም። ወረቀት ግን አታቋርጪም። ከጎናችን ያለው የሹራብ ነጋዴ ነገ ወደ አንቺ አገር ስለሚበር በእሱ እጅ እልከዋለሁ፣ ቢዘገይ ዓርብ ይደርስሻል። ቁጭ ብለሽ አንብቢው። አትደንግጪ፣ የታመመ ሰው የለም።

ነገሩ ስለ ልጅሽ ነው፣ ስለ ድንቢጧ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት በደወልሽ ዕለት «አምስት ሲደመር አራት ስንት ነው?» ብለሽ ጠየቅሻት። «ስምንት» አለችሽ። ድምፅዋ ሙሉ ነበር፣ ልክ እንደሚያውቅ ሰው ነው የመለሰችልሽ። አንቺም ለእኔ ብቻ የምትናገሪ መስሎሽ «እኔ እዚህ የሰው ገላ እያጠብኩ የምኖረው ለዚህ ነው?» አልሽ። እህቴ፣ ለእማዬ ጆሮ ስንል ስልኩን እንደ ሬዲዮ አጩኸን እንደምናናግርሽ ረስተሽው ነው። እማዬ አልሰማችሽም። ድንቢጧ ግን አንድም ቃል አላመለጣትም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ ሲጮህ መቁረጫ ጠረጴዛው ስር ትገባለች። ስትደውዪ «ተኝታለች» ያልኩሽ ውሸቴን ነው። «ጎረቤት ሄዳለች» ያልኩሽም ውሸቴን ነው፣ እግሬ ስር ጨርቅ ተከናንባ ተቀምጣ ነበር። አንቺም ነቅተሽብኛል መሰለኝ፣ በመጨረሻው ጊዜ «ደህና፣ ሰላም በልልኝ» ስትይ ድምፅሽ ሌላ ነበር። እኔም ዘግቼ ሥራዬን መሥራት አቃተኝ።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ደረቷን አሟት የአንደኛ ክፍልን ግማሽ አልጋ ላይ እንዳሳለፈች ታውቂያለሽ። ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ነው የጠየቀን። በዕረፍቱ ቤት ትማር፣ ሲከፈት መምህርቷ ሒሳብ ይጠይቋታል፣ ከመለሰች ከእኩዮቿ ጋር ሁለተኛ ክፍል ትገባለች፣ ካልመለሰች ከትንንሾቹ ጋር እንደገና ትጀምራለች። ከጎኗ የምትቀመጠው የጫማ ሰሪው ልጅ አሁንም «ቦታሽን ይዤልሻለሁ» እያለች በመስኮት ትጠራታለች። ድንቢጧ ያቺን ቦታ እንዴት እንደምትፈልጋት አንቺ አላየሽም፣ እኔ ነኝ የማየው።

አስጠኚ የምንቀጥርበት አቅም የለንም። ስለዚህ ቤት ያለውን አወጣሁ፣ ያለኝም ቁልፍና ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው። ከአሮጌ ሸሚዝ የተነቀሉ፣ ቢጤያቸው የጠፋባቸው ቁልፎች በቆርቆሮ ሙሉ ነበሩኝ። መጀመሪያ በቀለም ለየቻቸው፣ ቀጥሎ ባለሁለት ቀዳዳና ባለአራት ቀዳዳ እያለች ለየቻቸው። ከዚያ አሥር አሥሩን በክር ሰካንና አሥር ምን እንደሆነ በእጇ ያዘችው። ሃያ ሦስት ስትዪያት ሁለት ክርና ሦስት ነጠላ ቁልፍ ታመጣልሻለች። አንድ ቀን የአንድ ሾፌር ካፖርት ልጨርስ ስል ቁልፍ ጎደለኝና ከክሯ ላይ ልፈታ እጄን ብሰድ፣ ያዘችኝ። «አሥሩን ልታፈርሰው ነው?» አለችኝ፣ ቤት የማፈርስ ይመስል። ሰውየው አንድ ቁልፉ ከሌሎቹ የተለየ ካፖርት ለብሶ ሄደ። እስካሁን አልተመለሰም፣ አላስተዋለውም ማለት ነው።

ኋላ እኔ ጎበዙ ከቁልፍ ወደ ጨርቅ ተሻገርኩ። ከቁርጥራጩ ቀጫጭን ጥብጣብ ቆረጥኩና በየአንድ ጣቷ ስፋት በጠመኔ አሰመርኩበት። አንዱ አምስት ጣት፣ አንዱ አራት ጣት፣ አንዱ ሦስት፣ እንዲሁ እያለ። መደመር ማለት ማጋጠም ነው አልኳት። አምስቱንና አራቱን ጫፍ ለጫፍ አጋጠምን፣ ቆጠረች፣ ዘጠኝ ሆነ፣ ደስ አላት። ጨርቁ ግን ጠረጴዛው ላይ እየተንሸራተተ አስቸገራት። «ስፋልኝ» አለችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝና ሰፋሁላት። ያለውን ሁሉ ጥንድ ጥንዱን ሰፋሁላት። ከዚያ ደንበኛ መጣብኝና ወደ ሥራዬ ዞርኩ፣ እሷም ብቻዋን ስትቆጥር ዋለች።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የተበላሸው። ቁልፍ ስሰጣት ትክክል ትደምራለች። በቃል ስጠይቃት ሁሌ አንድ ይጎድልባታል። ሦስትና አራት፣ ስድስት። ሁለትና ሁለት እንኳ ሦስት ትለኛለች። መቀነስ ላይ ግን ንቅንቅ የለም፣ ከስምንት ላይ ሦስት ብትነሺባት ሳታስብ አምስት ትልሻለች። መቀነስ የቻለ ልጅ መደመር እንዴት ያቅተዋል እያልኩ ጭንቅላቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ጮኽኩባትም። አንቺ ብቻ አይደለሽም እህቴ፣ እኔም ጮኼባታለሁ።

አንቺ ከደወልሽ በኋላ ጨንቆኝ መምህርቷ ጋ ወሰድኳት። ደግ ሴት ናቸው፣ ወንበር ሰጡን፣ ለእሷም አጎንብሰው አናገሯት። «ስድስት ሲደመር ሦስት?» አሏት። «ስምንት» አለች። ከንፈራቸውን መጠጡና ወደ እኔ ዞረው «አንድ ዓመት ከትንንሾቹ ጋር ብትቀመጥ አይጎዳትም፣ ምናልባትም ባለሙያ ቢያያት» አሉኝ። በመንገድ እጄን አልያዘችም፣ ሁለት ጣቴን ብቻ ይዛ ሄደች። ቤት ልንደርስ ስንል «ባለሙያ መርፌ ይወጋል?» ብላ ጠየቀችኝ። «መርፌ የሚወጋው እኔ ነኝ፣ እሱንም ጨርቅ» አልኳት፣ ሳቅ ግን አላለችም።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ባለፈው ማክሰኞ ለአሻንጉሊቷ አልጋ ልብስ ልትሠራ ፈለገች። «ስፋቱ አሥር ጣት ነው» ብላ ያልተሰፋ ባለስድስትና ባለአምስት ጣት አዲስ ጥብጣብ ይዛ መጣች። «አሥር ከሆነ የምትፈልጊው፣ ስድስትና አምስት ስንት ነው?» አልኳት። «አሥር» አለች። ደሜ ፈላ። እሺ፣ ልስፋውና ስህተትሽን በዐይንሽ እዪው ብዬ ሰፋሁት። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና አሥር ጣቶቿን ጎን ለጎን ደረደረችበት። ልክ አሥር ሆነ። አልተረፈም፣ አልጎደለም።

ጎንበስ ብዬ እንደገና ስቆጥር «አንዱን ስፌቱ በላው» አለችኝ፣ ለማያውቅ ሰው እንደሚነገር። የራሴ ቃል ነው። በቀን ስንት ጊዜ ለደንበኛ «ስፌት ይበላል፣ ጨርቁን ትርፍ አድርገው ያምጡ» እንደምል አንቺም ታውቂያለሽ። እሷ እግሬ ስር ተቀምጣ ስትሰማው ነው የኖረችው። እኔ ደግሞ ስሰፋ ከዚህ ግማሽ ጣት፣ ከዚያ ግማሽ ጣት ወደ ውስጥ አጥፋለሁ። የሰፋሁላትን የአምስትና የአራት ጥብጣብ አንስቼ በጠመኔው መስመር ቆጠርኩት። ስምንት ጣት ነው። እኔው ራሴ ሰፍቼ የሰጠኋት ስምንት ነው።

«እሺ፣ አምስትና አራት ስንት ነው?» አልኳት ቀስ ብዬ።

«ተሰፍቶ ነው ሳይሰፋ?» አለችኝ።

እጄን በአፌ ላይ ጫንኩ። እናትሽ ስትጠይቅሽስ አልኳት። «እማዬ ሲደመር ነው ያለችኝ። ሲደመር ይሰፋል» አለች። ጥብጣቡን ገልብጬ ወደ ውስጥ የታጠፈውን አሳየኋት፣ ይኸው አልጠፋም፣ እዚህ ውስጥ አለ አልኳት። አየችና «ታዲያ አንተ ለምን አልቆጠርከውም?» አለችኝ። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ እንባዬ መጣ። ባለቤቴ በዚህ መሀል ገብታ ዱቄቷን ሳታራግፍ ማን ሞተ ብላ ጮኸች።

ልጅሽ ደንቆሮ አይደለችም። እኔ ያስተማርኳትን አንድም ሳታጎድል ተምራለች፣ ጥፋቱ ያስተማርኩት ላይ ነው። ይህን እንድታውቂ ብቻ ቢሆን ደብዳቤው እዚህ ላይ ባበቃ ነበር።

ግን አላበቃም። ቁጥር አይሰፋም፣ ጨርቅ ነው የሚሰፋ ብዬ ነገርኳት። ወዲያው ገባት፣ ፈጣን ናት። ከዚያ ስጠይቃት ግን አትመልስም። ዘጠኝ ልትል አፏን ትከፍትና ፊቴን ታያለች፣ ምን እንደምፈልግ ከፊቴ ላይ ትፈልጋለች፣ ከዚያ አፏን ትዘጋለች። ቀድሞ ብትሳሳትም ደፍራ ነበር የምትሳሳተው። አሁን ቁልፎቹን እንኳ ስሰጣት በዐይኗ ትቆጥርና ጭጭ ትላለች። እኔ ያ የመጀመሪያው ስምንቷ ናፈቀኝ።

ትናንት ደግሞ ከመጋረጃው ወዲያ እማዬ ጸጉሯን ስታበጥርላት የሚነጋገሩትን ሰማሁ። ድንቢጧ በቀስታ አንድ ነገር ጠየቀቻት። እማዬ አልሰማቻትም፣ «ምን አልሽኝ?» አለቻት። ደገመችው። አሁንም አልተሰማትም። ያኔ ልጅሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «እኔ ካላወቅኩ እማዬ የሄደችው በከንቱ ነው ወይ?» አለች። ያንን ቃል ደጋግማ፣ በመጨረሻም ጮኻ ነው ያለችው። መኪናው እግሬ ስር ቆመ። እማዬ ምን እንደመለሰችላት አላውቅም፣ አቅፋታለች መሰለኝ። እኔ ተነስቼ ውጭ ወጣሁ።

መምህርቷ ጋ ጥብጣቡን ይዤ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ራሳቸው ቆጠሩት፣ ገለበጡት፣ ሳቁ፣ ከዚያ ግን ሳቃቸውን አቆሙ። «አምንሃለሁ» አሉኝ። «የቁልፍ ክሯንም ይዛ ትምጣ፣ አልከለክልም። ግን መልሱ ከእሷ አፍ መውጣት አለበት። ዝም ካለችኝ እኔ በእሷ ምትክ አውቃለች ማለት አልችልም።» እውነታቸውን ነው፣ ምን ይበሉ። የሚጠይቋት የዛሬ ሳምንት፣ ትምህርት በሚከፈትበት ሰኞ ነው።

ስለዚህ አሁን የቸገረን ሒሳቡ አይደለም፣ አፏ ነው። አፏን የዘጋነው እኔና አንቺ ነን። እኔ የምችለውን አደረግሁ፣ ተንበርክኬ ጠረጴዛ ስር ገብቼ ሳይቀር ለመንኳት፣ ወገቤን አሞኛል። የቀረው የአንቺ ነው፣ የሚቀጥለው እሑድ ደግሞ ከሰኞው በፊት ያለው የመጨረሻው ቀን ነው።

እሑድ ደውዪ። ስልኩን አላስጮኸውም፣ በጆሮዋ ላይ አደርግላታለሁ፣ እማዬም ተራዋን ትጠብቃለች፣ ነግሬያታለሁ። ጠረጴዛው ስር ብትገባም ስልኩን እዚያው እሰድላታለሁ። ሲደመር የሚባል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ይቅርታ ብለሽም አታልቅሺባት፣ የአንቺን ልቅሶ የራሷ ጥፋት አድርጋ ነው የምትቆጥረው። ስለ አሮጊቷ ሾርባ አውሪያት። ስለ አስተናጋጇ ማንኮራፋት አውሪያት። ዝም ብትልሽ አትቸኩዪ፣ ለአንድ ጊዜ እንኳ አንቺ የሰው ዝምታ ቻዪ።

ተቆጥቼ የጻፍኩ ከመሰለሽ፣ ተቆጥቼ ነበር። አሁን ግን አልቆጣሽም። ያን ቀን አሮጊቷ ሌሊቱን ሙሉ አስነስተውሽ እንደነበር ኋላ ነግረሽኛል። የደከመ ሰው የሚናገረውን እኔም እናገራለሁ፣ ባለቤቴን ጠይቂያት። ብቻሽን እዚያ መሆንሽ ሆዴን ያባባዋል፣ ይህን በስልክ ነግሬሽ አላውቅም።

እማዬ እንደምትናፍቅሽ፣ ጉልበትሽን በሞቀ ጨርቅ እንድትይዢው፣ ቀዝቃዛ ውሃም እንዳትነኪ ንገራት ብላኛለች። ገላ የምታጥብ ሴት ቀዝቃዛ ውሃ አትንኪ መባሏ እንዴት እንደሆነ እማዬን ራስሽ ጠይቂያት። ባለቤቴ እጅ ነስታሻለች፣ የላክሽላትን የእጅ ቅባት ዱቄት ሳይቀላቀልበት ለመጠቀም ቀኑ አልገጥም ብሏታል። የጫማ ሰሪው ልጅ ሳትቀር ለድንቢጧ እናት ሰላም በሉልኝ ብላለች። አንቺም ለአሮጊቷ ጤና ይስጥልኝ በያቸው፣ አስተናጋጇንም በጎኗ እንድትተኛ ምከሪያት።

ደብዳቤውን ልዘጋ ስል ድንቢጧ መጋረጃውን ገልጣ መጣች። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችም፣ ታውቃለች። ቢጫ ጨርቅ ይዛ ነበር፣ ከዚያ ባለፈው ዓመት ከሰፋሁት የመጋረጃ ቁራጭ። እጄን ዘርጋ አለችኝ፣ ዘረጋሁ። «የእማዬ እጅ እዚህ ድረስ ነው የሚደርሰው» ብላ ጣቴ ላይ ምልክት አደረገች፣ ጨርቁን በዚያ ለካች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ ከመስመሩ አለፍ ብላ ቆረጠችው። ከሄድሽ ይህን ያህል ጊዜ ሆኖት የእጅሽን ልክ ከየት እንዳመጣችው እኔ አላውቅም። ፖስታው ውስጥ አጥፋ አስገባችው። ምን ብዬ ልጻፍላት ብላት «የሽርጧ ኪስ ነው በላት» አለችኝ። ጠይቄያት ፊቴን ሳታጠና ስትመልስልኝ ከቀናት ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

ከጠመኔው መስመር ውጭ ዙሪያውን ግማሽ ጣት ትርፍ ትቶለታል እጇ። ለስፌቱ ነው። እንዳትቆርጪው።

ወንድምሽ

ከመቁረጫ ጠረጴዛው፣ ከመስኮቱ ስር
ሰኞ ረፋድ፣ ትምህርት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው